ስለ ጦጣይቱ ልብ

የቅኔ ሰው ሆኖ ስለ ጦጣ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ራሴ ይህን ነገር ብዙ ዘመን ዝም ብዬ የያዝሁት ለቁም ነገር የማይበቃ መስሎኝ ነው። አሁን ግን ዕድሜዬ ከኀምሳ ዐለፈ፤ ልቤም የሐኪም መድኃኒት የሚሻ ሆነ። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. በዳምቦያ በመዳፌ የዳሰስሁትን የአንዲት ጦጣ ልብ ሳልጽፈው ብቀር፥ የተበደሩትን ሳይከፍሉ እንደ መሄድ ሆኖ ታየኝ።

በዚያ ዓመት ገና ሠላሳ አልሞላኝም ነበር። በጎጃም ከቅኔ ቤት ወጥቼ ጥቂት ጊዜ በአዲስ አበባ ከቈየሁ በኋላ፥ በከምባታ አገር ከዳምቦያ ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ ባለች ቤተ ክርስቲያን እንዳገለግል ተላክሁ። አገሩን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በኩል ሲወርዱ ቤቱ ሁሉ በእንሰት የተከበበ ነው፤ የሰዉ ብዛትና የመሬቱ ስፋት አይመጣጠንም፤ አንዱ ማሳ ከሌላው በአጥር ብቻ ተለይቶ ይኖራል። የሀምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይህን ሁሉ ቍልቍል ይመለከታል። ዱሩ እየተመነጠረ ስላነሰ፥ ጦጣው በወንዝ ዳር በቀሩት ዛፎች ተጠግቶ ይኖራል፤ በቆሎ ባሸተ ጊዜም ወደ ማሳ ይወርዳል። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይጠብቃሉ። ጦጣው የልጆቹን የምሳ ሰዓት ያውቃል ይሉ ነበር፤ እኔም አይቼ አምኛለሁ።

በቤታቸው ያሳደሩኝ ሽማግሌ እንሰታቸውን ጃርት እየሰረሰረ ስላስቸገራቸው፥ ከአጥሩ ሥር የገመድ ወጥመድ አጥምደው ነበር። በመስከረም ወር አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ታናሹ ልጃቸው እየሮጠ መጣና «የኔታ! ጦጣ ተያዘች!» አለኝ። ብሄድ አንዲት እንስት ጦጣ አንድ እግሯ በገመዱ ታስሮ ወዲያና ወዲህ ትንፈራገጣለች፤ ፊቷ ጥቁር ነው፥ ግንባሯና ጕንጯ በነጭ ጠጕር ተከቧል። ልጁ ዱላ አነሣ፤ እጁን ያዝሁት። ከርኅራኄ የተነሣ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ቆሞ ስለሚያየኝ ነው።

ነጠላዬን አውልቄ ከላይዋ ጣልሁባትና፥ ሽማግሌው ገመዱን እስኪፈቱ ድረስ በደረቴ ላይ አቀፍኋት። ራሷን ከነጠላው አውጥታ ጥርሷን ገጠጠች። እኔም «ይህችስ ትስቅብናለች» አልሁ። ሽማግሌው ከገመዱ ቀና ሳይሉ «የለም መሪጌታ፤ ፈርታ ነው» አሉ። በኋላ እንደ ተረዳሁት እውነቱ ከእሳቸው ጋራ ነበር፤ በብዙ የጦጣ ወገን ዘንድ እንዲህ ጥርስን መግለጥ የፍርሀትና የመገዛት ምልክት ነው እንጂ ሣቅ አይደለም።

እጄ በደረቷ ላይ ነበረ። ልቧ ይመታ ነበር ብዬ ለመጻፍ አልደፍርም፤ መምታት ማለት አንዱ ምት ከሁለተኛው ሲለይ ነውና። የእሷ ግን ሳይለያይ፥ በቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ይተም ነበር። የዐይኗ ብሌን ሰፍቶ ቀለሙን ሁሉ ውጦታል። ወዲያው በነጠላዬ ላይ ሸናችብኝ፤ ልጆቹ ከዚያ ቀን ነገር ሁሉ ይህን ብቻ ይዘው ቀሩ። እኔ ግን ሌላ ነገር አስተዋልሁ። የእኔም ልብ በደረቴ ውስጥ ይሮጥ ነበርና፥ የሚሰማኝ ምት የማን እንደ ሆነ ለመለየት ተቸገርሁ።

እግሯ ሲፈታ ዘልላ ከሾላው ላይ ወጣች። እዚያ ሆነው ሲጮኹ የነበሩት ጓደኞቿ ዝም አሉ፤ ጥቂት ቈይተውም ፍሬ መልቀም ጀመሩ። እሷ ብቻ ቅርንጫፉን በእጅ በእግሯ ጨብጣ ተቀመጠች። ለምሳ ስገባ እዚያው ነበረች፤ በልቼ ስወጣም እዚያው ነበረች፤ አልበላችም፥ አካሏንም አላከከችም፥ ወደ ወጥመዱ ቦታ ብቻ ትመለከት ነበር። አደጋው ካለፈ ብዙ ሆኖታል፤ የሚያባርራትም የለም። እንኪያስ ፍርሀቱን ይዞ ያቈየው ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ያን ቀን እንደ እሾህ ገብቶብኝ ሳይወጣ ቀረ።

ማታ በእሳት ዳር ቆጮና ጎመን ቀርቦልን ስንጨዋወት የጦጣይቱ ነገር ተነሣ። እኔም እንደ ተማርሁት መናገር ጀመርሁ። የሰው ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፥ ትናገራለች፥ በሥጋ ሞት አትሞትም። የእንስሳ ሕይወት ግን በደሙ ነው፤ ደመ ነፍስ የሚባለውም ይህ ነው። «ስለዚህ የጦጣይቱ ሥጋ ተንቀጠቀጠ እንጂ ፈራች አይባልም» ብዬ ነገሬን ጨረስሁ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና «መሪጌታ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ» አሉኝ። «ጧት ይዘዋት ሳሉ የእርስዎም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን እያሰቡ ነበር?»

«ምንም አላሰብሁም።»

«ምንስ ተናገሩ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው እርስዎም አልፈሩም፤ ሥጋዎ ብቻ ነው የተንቀጠቀጠው» ብለው ሣቁ፤ የቤቱም ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን ተቈጣሁ፤ ጆሮዬ ጋለ፥ ጕሮሮዬ ደረቀ፥ በጉባኤ መካከል ጠፍቶኝ የማያውቅ መልስ ጠፋኝ።

ከየኔታ የተማርሁት ስሕተት ነው አልልም፤ ዛሬም አምነዋለሁ። የሳትሁት እኔ ነኝ። ማሰብና መናገር የሰው ነው ከሚለው ቃል ተነሥቼ፥ መፍራትና ማዘንም የሰው ብቻ ነው ወደሚለው ዘለልሁ፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይወጣም። የገዛ ቋንቋችንም ይመሰክርብኝ ነበር። አማርኛ ስሜትን ሲናገር ከአካል አይለየውም። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የራራ አንጀቱ ይላወሳል፤ የተቈጣ ደሙ ይፈላል፤ የፈራ ሐሞቱ ይፈስሳል፤ የታገሠ ሆደ ሰፊ ይባላል። መጻሕፍትም ልብንና ኵላሊትን የአሳብና የምኞት ማደሪያ አድርገው አብረው ይጠሯቸዋል። እኛ የቅኔ ተማሮች ግን ይህን ሁሉ እንደ ሰም ቈጠርነው። አንጥረኛ የሚሠራውን ነገር መልክ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፥ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በስፍራውም ወርቁ ይፈስሳል። ለእኔም ስሜት ወርቅ፥ ሥጋ ሰም መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ሰሙ ቀልጦ ከሄደ በኋላ ወርቁ ብቻውን የሚጸና መሰለኝ።

ይህን አሳቤን የነቀነቀብኝ ቀድሞ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ይቈጥር የነበረ፥ በኋላም ሕክምና የተማረ አንድ ደቀ መዝሙር ነው። የዳምቦያን ነገር ብነግረው፥ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለዚሁ የጻፉትን እየተረጐመ አነበበልኝ። ዓመቶቹን እነርሱ እንደ ጻፏቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር አኖራቸዋለሁ።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ሰውና እንስሳ ስሜታቸውን እንዴት እንደሚገልጡ የሚናገር መጽሐፍ በ1872 አሳተመ። ከዚያ አስቀድሞም ቈዳው ተሞልቶ ሕያው የሚመስል የሞተ እባብ ይዞ በለንደን የአራዊት ማኖሪያ ወደ ጦጣዎቹ ቤት ገባና ድንጋጤያቸውን ተመለከተ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ደግሞ በ1884 የሁላችንን አነጋገር ገለበጠው። እኛ ሰው አውሬ አይቶ ይፈራል፥ ስለ ፈራም ይንቀጠቀጣል እንላለን፤ እሱ ግን ሥጋ አስቀድሞ ይንቀጠቀጣል፥ ፍርሀት የምንለውም ያንን መንቀጥቀጥ መሰማት ነው አለ። ዴንማርካዊው ካርል ላንገ በ1885 ከዚህ ጋራ የሚቀራረብ ነገር ጻፈ። ይህን ስሰማ ሽማግሌው በእሳቱ ዳር ሲሥቁ ታዩኝ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ1927 ዋልተር ካነን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ተቃወመ። ልብ በቍጣም ይሮጣል፥ በፍርሀትም ይሮጣል፥ በንዳድም ይሮጣል፤ እንግዲህ የልብ ሩጫ ብቻውን የቱ ስሜት እንደ ሆነ እንዴት ይነግረናል? ደግሞም ልብንና አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች የተቈረጡባቸው ድመቶች ውሻ ሲጮኽባቸው እንደ ወትሮው ጥርሳቸውን ገልጠው ይቈጡ ነበር። እኔ ሁለቱን ሊቃውንት ሳመዛዝን የካነን ክርክር የበለጠ ሆኖ አገኘሁት። በዳምቦያም በእጄ የያዝሁት ያንን ነበር፤ ሁለት ልብ በአንድነት ይሮጥ ነበር፥ የእሷ ስለ ነፍሷ፥ የእኔ ግን ከፍርሀት ይሁን ከዕፍረት ወይም ተመልካች ስለ በዛ፥ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በመጨረሻ ያነበበልኝ ግን የሾላውን ጥያቄ የሚነካ ሆኖ ተገኘ። በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ማካክ የሚባሉትን ጦጣዎች አስተማሩ። ጦጣው አንድ ምልክት ያያል፤ ጥቂት ቈይቶ የሚጠጣው ነገር ይሰጠዋል። ምልክቱን ያየ ጦጣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፤ መጠጡ እስኪመጣም ሰፍቶ ይቈያል። ብሌን በፍርሀት ብቻ ሳይሆን በጕጕትም ይሰፋልና። ከዚህ በኋላ በአንጎል የፊት ክፍል፥ በመካከል በውስጥ በኩል ያለች አንዲት ትንሽ ስፍራ ወጣችባቸው። ያን ጊዜ ምልክቱን ሲያዩ ብሌናቸው እንደ ቀድሞው ሰፋ፤ መጠጡ እስኪመጣ ድረስ ግን ሊቈይ አልቻለም። ሥጋ መነሣቱን አልተወም፤ የጠፋው መጽናቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሲነበብልኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ስሜት የሚጀምርበት ነገር አንድ፥ ተይዞ የሚቈይበት ነገር ሌላ ኖሯል! እነ ጄምስ የተከራከሩት የቱ ይቀድማል እያሉ ነው፤ እኔም ከሽማግሌው ጋራ የተጣላሁት በዚያው ነበር። ጦጣይቱ በሾላው ላይ ያሳየችኝ ግን ሌላ ነበር፤ ሥጋዋ ፍርሀቱን ጨብጦ እንደ ያዘ፥ እጇም ቅርንጫፉን ጨብጦ ይዞ ነበር። ሰሙ ቀልጦ አልሄደም፤ ወርቁን ይዞት ቈይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዚያን እንስሳ ራስ ከፍቶ አካል ማውጣት ሲነበብልኝ ደስ አላለኝም፤ ደቀ መዝሙሩም ፊቴን አይቶ ማንበቡን አቋረጠ። ለምን እንደሚያደርጉት ግን አስረዳኝ። ያችው የአንጎል ስፍራ በጽኑ ትካዜ በተያዙ ሰዎች ዘንድ ከልክ በላይ ትሠራለች። በ2005 በካናዳ በቶሮንቶ መድኃኒት ሁሉ ያልረዳቸው 6 ሕሙማን በዚያ ስፍራ በቀጭን ሽቦ የመብራት ኀይል ተሰጣቸውና፥ ከእነርሱ 4ቱ ቈይቶ የሚጸና ጤና አገኙ። በ2019 ደግሞ በእንግሊዝ በካምብሪጅ ማርሞሴት በሚባሉት ትንንሽ ጦጣዎች ያችን ስፍራ ከመጠን በላይ ቢያነቃቋት፥ ጣፋጭ ምግብ ሲጠብቁ የሚነሣው የደማቸው ግፊት ደከመ፥ ለምግቡም መድከም ሰለቹ፤ ኬታሚን የሚባለው መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ተሻላቸው። ደስታን መጠባበቅ እንኳ የሥጋ ድጋፍ ይሻል ማለት ነው። በትካዜ የወደቀውን ሰው «በርታ፥ ተስፋ አድርግ» እያልሁ ብዙ ጊዜ ገሥጬዋለሁ፤ አሁን እንዲህ ከማለት ምላሴን እይዛለሁ።

ይልቁንም ልቤን ያሳረፈው በገዛ አገራችን የተደረገው ምርመራ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር የማይገኘው ጭላዳ በደረቱ ላይ ጠጕር የሌለበት ቀይ ስፍራ አለው። በሰሜን ተራሮች ያጠኑት ተመራማሪዎች በ2009 እንደ ጻፉት፥ እንስቶችን የሚመራው ወንድ ደረቱ ብቻቸውን ከሚዞሩት ወንዶች ይልቅ ይቀላል። ሹመቱን በደሙ ይለብሰዋል እንደ ማለት ነው። የሰውነቱን ጭንቀት ለማወቅ ሲፈልጉም እንስሳውን አይዙትም፤ ቢይዙትማ የሚያገኙት መያዙ ያመጣውን ድንጋጤ ነው፥ በዳምቦያ በእኔ መዳፍ እንደ ሆነው። ኵሱን ለቅመው በውስጡ ያለውን፥ ሰውነት በተጨነቀ ጊዜ የሚያመነጨውን ሆርሞን ይለካሉ። ሊቃውንት ከዩኒቨርሲቲ መጥተው በተራራ ላይ የዝንጀሮ ኵስ ሲለቅሙ ያየ ባላገር ምን ብሎ ይሆን!

ከዚሁ ምርመራ በ2012 የወጣው ነገር እናቶቻችንን አያስደንቃቸውም። መንጋውን ሌላ ወንድ አሸንፎ በያዘ ጊዜ ከእርጉዞቹ ከ100 እጅ 80 ያህሉ ጽንሳቸው ይወድቃል። እናቶቻችን «ደንግጣ አስወረዳት» ይሉታል። ተመራማሪዎቹ ግን በድንጋጤ ብቻ አላቆሙም፤ አዲሱ ወንድ የቀድሞውን ግልገሎች ስለሚገድል፥ የእናቲቱ ሰውነት ሊሞት ለተቃረበ ልጅ መድከሙን አስቀድሞ ያቋርጣል ይላሉ።

በመንዝ በጓሳ የተጻፈው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በዚያ በ4 ዓመት ባልሞላ ጊዜ 14 የጭላዳ እናቶች የሞተ ልጃቸውን ተሸክመው ሲዞሩ ታይተዋል፤ አንዳንዷ ለአንድ ሰዓት፥ አንዳንዷ እስከ 48 ቀንና ከዚያም በላይ፥ ሬሳው ደርቆ ቈዳ እስኪሆን ድረስ። ይህ በ2011 ታተመ። እኛ ለሞተብን አርባ እናወጣለን፤ ያች እናት አርባውን ዐልፋ ተሸክማ ነበር። ኀዘን ነው ብዬ አልፈርድም፤ አንድ ጊዜ ፍርሀትን ሣቅ ብዬ ተሳስቻለሁና። ነገር ግን ክንዷ የያዘውን አለመልቀቁን ማን ይክዳል?

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። በ2015 ዓ.ም. ልቤ ያለ ሥርዐት እየፈጠነ ስላስቸገረኝ ሐኪም ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። ይህ መድኃኒት የልብን ሩጫ ያዘገያል፤ የእጅንም መንቀጥቀጥ ያስታግሣል፤ በሕዝብ ፊት የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ሳይቀሩ ለዚሁ ይወስዱታል አሉኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል በበዓል ቀን መወድስ ልዘርፍ በቆምሁ ቍጥር ልቤ ሳይደነግጥ፥ ጕልበቴም ሳይከዳኝ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ክኒኑን በጀመርሁበት ዓመት በጥምቀት ማግሥት ቆምሁ። ልቤ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሏል። ቃሉ መጣ፤ ቤቱ መታ፤ ሰሙም ወርቁም አልጐደለም፤ ሊቃውንቱም «ይበል!» አሉ። እኔ ግን የሌላ ሰው ቅኔ ተቀብዬ ያደረስሁ መስሎ ተሰማኝ። ቤቴ ገብቼም መወድሱን ልጽፈው ብቀመጥ ግማሹ ጠፋኝ። ክኒኑን አላቋረጥሁም፤ ሐኪሜን አምናለሁ፥ መኖርም እወዳለሁ። ያን ቀን ግን የሾላዋን ጦጣ ዐሰብኋት።

በ2016 ዓ.ም. ሽማግሌው ዐረፉ የሚል መልእክት መጣልኝና በሆሳዕና በኩል ወደ ዳምቦያ ወረድሁ። በመንገድ ላይ የፈራሁት አንድ ነገር ነበር። ለእኒያ ሰው በሚገባቸው ለቅሶ ላይ እንደዚያ መወድስ ቀዝቅዤ ብቆምስ? ከድንኳኑ ስገባ እጄን ከነጠላዬ በታች አግብቼ ደረቴን ዳሰስሁ። ልቤ በዝግታ፥ አንዱ ምት ከሌላው ተለይቶ ይመታ ነበር። ያፈርሁት ለጥቂት ጊዜ ነው። ያ ዱላ ያነሣው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ መጥቶ አንገቴን ዐቀፈኝና በጆሮዬ «የኔታ፥ ነጠላዎን ያስታውሳሉ?» አለኝ። በዚያ ጊዜ ልቤ ሳይፈጥን ዐይኔ እንባ ሞላ፤ ጕሮሮዬም ተዘጋ፤ ሁለታችንም በለቅሶ መካከል ሣቅን፤ ክኒኑ ያንን በር አልዘጋውም ነበር።

በማግሥቱ ማሳውን አሳየኝ። ሾላው ተቈርጧል፤ በስፍራው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ጦጣዎቹ ግን አሉ። አንዲቱ ግልገሏን ከሆዷ ሥር አንጠልጥላ ከአጥሩ አጠገብ በቆሎ ትበላ ነበር። እኛ ስንቆም ማኘኳን አቆመች። አጥሩን ዐልፈን እስክንርቅ ድረስ ጕንጯ እንደ ሞላ ቈየ።